ጦማር ለከያኒውና ለነጋዴው፦ ደሴና ኮምቦልቻ ምን ይጠቀማሉ?

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ብሂል ዛሬ ከሹመት ይልቅ ለገበያ ይሠራል። ደሴና ኮምቦልቻ በሙያተኛ አይታሙም። ማሲንቆ መቺው፣ ልብስ ሰፊው፣ አናጺውና የብረታ ብረት ባለሙያው ሞልቷል። የሚያንሰው ከከተማው ውጪ ያለ ሰው እነዚህን ሙያተኞች ፈልጎ የሚያገኝበት መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ወይም ዕቃ አቅራቢ የሚፈልግ ድርጅት ዘመድ ጠይቆ ያገኘ እንደሆነ አገኘ፤ ካላገኘ ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህንን ክፍተት በትንሽ ወጪ ከሚሞሉት መሣሪያዎች አንዱ ጦማር ነው።

ጦማር ምንድን ነው?

ቃሉ ለደብዳቤ የምንጠቀምበት የቆየ ቃል ነው፤ ዛሬ «ብሎግ» ለሚባለው የኢንተርኔት ገጽ መጠሪያ ሆኗል። አንድ ሰው ወይም ድርጅት በራሱ ስም ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍና ድምፅ ቀን እየጻፈ የሚያስቀምጥበት ገጽ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቋሚ አድራሻ አለው። ከፌስቡክ፣ ከቴሌግራምና ከቲክቶክ የሚለየው እንዲህ ነው። በእነዚያ ላይ የወጣ ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌላ ይሸፈናል። በጦማር ላይ የተጻፈው ግን ከሦስት ዓመት በኋላም በፍለጋ ይገኛል።

ለምን ዘገየን?

ሌላው ዓለም ለጦማር ሲሽቀዳደም፣ በእኛ አገር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በርካታ ጦማሮች እንዳይነበቡ ታግደው ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ታሰሩ፤ በሽብር ወንጀልም ተከሰሱ። መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ጦማሮችን መክፈቱን ያስታወቀው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት «ጦማሪ» የሚለው ስም ከፖለቲካና ከክስ ጋር ተቆራኘ። ዘፋኙም ነጋዴውም ነገሩ እርሱን እንደማይመለከተው ቢቆጥር አይፈረድበትም። ጉዳቱ ግን የሁለቱም ነው።

ለከያኒው

ወሎ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ያበረከተው ከቅኝቶቹ ስም ይጀምራል፤ አምባሰልና ባቲ የቦታ ስሞች ናቸው። ትዝታና አንቺሆዬም ከወሎ ጋር አብረው ይነሳሉ። ሀብቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ የሚናገር መዝገብ ጥቂት ነው።

ጦማር ለሙዚቀኛ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲ ነጂነት ይመራ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚያስተዋውቅ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተሰኘ ጦማር በ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር። ሰውየው ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘውና ኃይሉን አፈላልጎ ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ላላ በሉ» በተሰኘው አልበሙም «ትዝታ» እና «አንቺሆዬ ለኔ» ይገኛሉ።

ልብ ሊባል የሚገባው ጦማሩ የኃይሉ አለመሆኑ ነው። ሌላ ሰው እስኪያገኘው ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏል። የደሴ ድምፃዊ እንዲህ ዓይነት ዕድል መጠበቅ የለበትም። የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ ክራርና ማሲንቆ የተጫወቱትን፣ የተቀረጸበትን ቀንና የራሱን ስልክ በአንድ ገጽ ላይ ቢያኖር ፈላጊው በቀጥታ ወደ እርሱ ይመጣል።

ለነጋዴው

ቶማስ ማሆን የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ሰፊ በ2005 እ.ኤ.አ. «ኢንግሊሽ ካት» የተሰኘ ጦማር ጀመረ። ጨርቅ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚቆረጥ፣ ሙሉ ልብስ ለምን ውድ እንደሚሆን በግልጽ ጻፈ። ሙያውን መግለጡ ገበያ አላሳጣውም፤ እንዲያውም ከባሕር ማዶ ደንበኛ አመጣለት። አንባቢው የእጁን ጥበብ ከማየቱ በፊት ዕውቀቱን አምኗልና።

የደሴ ልብስ ሰፊና አናጺ ከዚህ የሚማሩት አላቸው። በኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ቢራ ፋብሪካውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ለእነዚህ ጥገና ወይም ማሸጊያ ለማቅረብ የሚሻ አነስተኛ ድርጅት ከዚህ በፊት የሠራውን በፎቶግራፍ፣ በመጠንና በቀን አስደግፎ ቢያሳይ፣ ቃል ብቻ ይዞ ከመቅረብ ይሻለዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥነት ያለውና የተቀረጸ ሥራ ያለ ምዝገባ ጥበቃ እንዲያገኝ ያደርጋል። የሥራ አመንጪው የኢኮኖሚ መብት በመርህ ደረጃ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ቅኝቱ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በቅኝቱ የተደረሰው አዲስ ሥራ ግን ባለቤት አለው። ክርክር ሲነሳ ጥያቄው «ማን ቀድሞ ሠራው?» ይሆናል። ያኔ ቀን ያለው ገጽ ይረዳል። ሆኖም ቀኑን ባለቤቱ ራሱ ሊለውጠው ስለሚችል ብቻውን የማያከራክር ማስረጃ አይሆንም፤ ዋናውን ቅጂና ውሉን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የንግድ ስያሜ ጉዳይ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ስሙን በጦማር ላይ ማውጣት ምዝገባውን አይተካም። ነጋዴው የሚጽፈውም ማስታወቂያ በመሆኑ ከሐሰትና ከማሳሳት መጠበቅ አለበት።

ከጦርነቱ የተገኘው ትምህርት

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ሲያዙ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ጉዳት ደርሶበታል። በአንድ መደርደሪያ ብቻ የተቀመጠ ሰነድና ፎቶግራፍ እንዲህ ባለ ጊዜ ከመደርደሪያው ጋር ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ጦማር ይህን ችግር አይፈታም፤ ባለቤቱ ትእዛዝ መቀበል አይችልም። ነገር ግን የክልሉ መስመር ቢዘጋም ገጹ አዲስ አበባ ወይም ጅቡቲ ላለ ሰው ይነበባል፤ ሥራውም አይጠፋም።

ከየት ይጀመር?

ብሎገርና ወርድፕሬስ በነፃ ገጽ መክፈት ያስችላሉ። ነፃ ቤትም ቢሆን የሰው ቤት ነውና የጻፉትን ሁሉ በየጊዜው በሌላ ቦታ መገልበጥ ተገቢ ነው። ስምና ስልክ በፎቶግራፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በፊደል መጻፍ አለባቸው። ስሙ በሀ ወይም በሐ፣ በሰ ወይም በሠ የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱም አጻጻፎች ገጹ ላይ ይኑሩ። «ኮምቦልቻ» ብቻ ብሎ መተውም አይበቃም፤ በምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለና «ወሎ» ይጨመርበት። በወር አንድ ጽሑፍ ይበቃል። የተጣለ ገጽ የተዘጋ ሱቅ ስለሚመስል፣ የማይቀጥሉትን ከመጀመር ይልቅ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ ስልኩ ሲለወጥ ማስተካከል ይመረጣል።