የሰሜን ብርሃን ምሥጢር እንዴት ተገለጠ?

ስለ ምድር ማግኔትነት በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን አይጠፋም። «በሰሜን ዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴና ቀይ የሚያለብሰው ብርሃን ምንድን ነው? በእኛ አገርስ ስለ ምን አይታይም?» ይላሉ። መልሱን በአጭሩ መስጠት ይቻላል። የተገኘበት መንገድ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ ታሪኩን እናቀርባለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በስዊድን ነው። በ1741 በኡፕሳላ ከተማ አንደርስ ሴልሲየስና ረዳቱ ኦሎፍ ሂዮርተር የኮምፓስ መርፌ ሲከታተሉ፣ ብርሃኑ በታየ ጊዜ መርፌዋ እንደምትናወጥ አስተዋሉ። ከዚህም የተነሣ ብርሃኑ ከምድር ማግኔትነት ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። የዝምድናው ምክንያት ግን ከ150 ዓመት በላይ ሳይፈታ ቆየ።

በ1896 ክርስቲያን ቢርክላንድ የተባለ ኖርዌያዊ የፊዚክስ ምሁር አዲስ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ከፀሐይ የሚወረወሩትን የኤሌክትሪክ ኃይል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች የምድር ማግኔትነት ወደ ዋልታዎቹ ይመራቸዋል፤ በዚያም ከአየሩ ጋር ሲጋጩ ብርሃን ይሰጣሉ የሚል ነው።

ቢርክላንድ በሐሳብ ብቻ አልተወሰነም። ከ1899 እስከ 1900 ባለው የብርድ ወራት ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ኖርዌይ በሃልዴ ተራራ፣ ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ከረመ። ከባልደረቦቹ አንዱ በበረዶ ናዳ ሞተ። እርሱ ግን ሥራውን ሳይተው ከ1902 እስከ 1903 በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በስፒትስበርገንና በኖቫያ ዜምልያ አራት ጣቢያዎች አቋቁሞ ልኬቱን ቀጠለ። በቤተ ሙከራም አየሩ በተመጠጠ ሣጥን ውስጥ ማግኔት ያላት ትንሽ ሉል አስቀምጦ ኤሌክትሮን ቢለቅባት፣ በዋልታዎቿ ዙሪያ ብርሃን ታየ።

ይህም ሆኖ ብዙዎች አልተቀበሉትም። በተለይ ታላቁ እንግሊዛዊ ምሁር ሲድኒ ቻፕማን፣ የኤሌክትሪኩ ጅረት ከላይኛው አየር አልፎ ወደ ጠፈር አይዘልቅም በማለት ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። ቢርክላንድ በ1917 በቶኪዮ ሲሞት ክርክሩ አልተቋጨም ነበር። በ1960ዎቹ ግን አንዲት የአሜሪካ ሳተላይት ከዋልታው በላይ ያንኑ ጅረት ለካች። ዛሬም ጅረቱ በስሙ ይጠራል። እርግጥ ሁሉም ነገር እርሱ በመጀመሪያ እንዳሰበው አልሆነም፤ ከፀሐይ የሚመጣው ኤሌክትሮን ብቻ ሳይሆን ፕሮቶንም ጭምር ነው።

ታሪኩ ከእኛም አገር ጋር ይገናኛል። ከ1957 እስከ 1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት የመራው ያው ቻፕማን ነበር። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመውም ለዚሁ ዓመት ነው። አገራችን የምትገኘው በማግኔታዊው የምድር ወገብ አቅራቢያ በመሆኑ የዋልታው ብርሃን አይደርሰንም። ሆኖም በእኛም ሰማይ ቀን ቀን፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ለዓይን የማይታይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ የማግኔት መሣሪያዎችም ይመዘግቡታል።

እንግዲህ ተማሪ «አይታይም» ሲለን፣ «በመርፌዋ ይታያል» ብለን እንመልስለት። ቻፕማን የተሳሳተው ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ ቢርክላንድም ትክክል መሆኑ የታወቀው በክርክር ብዛት አልነበረም። ሁለቱንም የዳኘው ልኬት ነው። ለልጆቻችን ልናወርሰው የሚገባን ይህንኑ ልማድ ነው።