ከሽሮ ሜዳ እስከ ቴሌግራም፦ በሸማኔውና በለባሹ መካከል

የሽሮ ሜዳ ነጠላና ጥበብ ቀሚስ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲሸጥ ያየ ሰው፣ ሸማኔው በመጨረሻ ከገዥው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ይመስለዋል። የሙያው ታሪክ ግን ለዚህ ተስፋ ጥንቃቄ ያስተምረዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ የምኒልክ ጦር ጋሞን ካስገበረ በኋላ፣ ከጨንቻ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ ከተማዋ እየፈለሱ፣ ውሎ አድሮም በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሠፍረው ዋና ከተማዋን አለበሱ። ገበያው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ግን በሸማኔውና በለባሹ መካከል የቆመው ነጋዴም እየበረታ ሄደ።

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይጀምራል። ሽመና የቤተሰብ ሥራ ነው፤ እናት ትፈትላለች፣ ልጆች ማጉን በቀሰም ያጠነጥናሉ፣ አባት እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ለመሸጥ የወጣ ሸማኔ የዚያን ቀን ጨርቅ አጥቷል ማለት ነው። ክሩን በዱቤ የሚሰጠው፣ ሸማውንም ተረክቦ የሚሸጠው ነጋዴ ስለነበር ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ሆነ። በዚህ ላይ የሙያ ንቀቱ ተጨመረ። በጥምቀት ነጭ ለብሶ የሚደምቀው ሕዝብ ሸማኔውን በሥራው ይሰድበው ነበር፤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ስድቡ የአገር ጉዳት መሆኑን ስላዩ ነው። አዋጁ ንቀቱን አልነቀለውም። ማን ሸመነው ብሎ የሚጠይቅ በሌለበት አገር፣ የሸማኔው ስም ከጨርቁ ላይ መጥፋቱ ማንንም አላስገረመም።

የስልኩ ገበያም ይህንኑ ልማድ ሊቀጥል ይችላል። የብዙ ገጾች ፎቶ የሚያሳየው ሙሽራዋን ወይም ሞዴሏን ነው፤ ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው፤ የሸመነው ቤተሰብ የለም። ስለዚህ ለውጡን የሚያመጣው መተግበሪያው ሳይሆን ገጹን የያዘው ሰው ነው። ገጹን የያዘው የሸማኔው ልጅ ከሆነ፣ ከዋሽንግተን የሚያዝ ደንበኛም ጥለቱን በቀጥታ ከሸማኔው ቤት ይመርጣል፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአገር ውስጥ ያለው ገዥ ክፍያውን በቴሌብር ያለ ሱቅ ሸማኔው ቤት ያደርሳል።

ነጋዴው ግን ክር ያበድራል፣ ያልተሸጠውን ይሸከማል፣ የደንበኛን ጠባይ ያውቃል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እውነት ነው፤ ክር የሚያበድር የሸማኔዎች ማኅበር ሳይኖር ነጋዴውን ማስወጣት ቤተሰቡን ያለ ክር ያስቀራል። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ስጋት ነው፦ የተለጠፈ ጥለት ወዲያው ይቀዳል፣ ከቻይናም በማተሚያ ተባዝቶ በርካሽ ይመጣል። ጥለት ግን ድሮም በጎረቤት ሸማኔዎች መካከል ሲቀዳ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ማዶው አቡጀዲ ጨርቅ በርካሽነቱ ገበያውን ሲያጥለቀልቅም የእጅ ሸማ አልጠፋም፤ ለበዓልና ለሠርግ የሚለበሰውን ጥለት ያለው ሸማ አቡጀዲ ሊተካው አልቻለም። የታተመው ጨርቅም የጥለቱን መልክ ይቀዳል እንጂ አሠራሩን አይቀዳም። ስለዚህ የሸማኔው ቤተሰብ ካለቀው ቀሚስ ይልቅ ድሩ ሲዘረጋ፣ ጥለቱ በእጅ ክር በክር ሲገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ቢለጥፍ ይበጀዋል፤ ገዥው የሚከፍልበት ልዩነት ያለው እዚያ ነውና።