ውሻ በበላበት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው። ተረቱን ስለ ታማኝነት እንደ ተነገረ አድርገን ስንጠቅሰው ኖረናል፤ አብዛኛውን ጊዜም የምንወረውረው ለጌታው በሚያጎበድድ ሰው ላይ ነው። እኔ ግን ከቡቺ በኋላ በተረቱ ውስጥ ሌላ ነገር ይታየኝ ጀመር። «በበላበት» የምትለዋ ቃል ስፍራን ታመለክታለች።

ቡቺ አዲስ አበባ፣ በወላጆቼ ግቢ ያደገ ውሻ ነበር። ቀን ከውጭው በር አጠገብ ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ይፈታል። አንድ እሑድ አክስቴን ባታቸው ላይ ነከሳቸው። ውሻው የተከተበ ቢሆንም እሳቸው ለመርፌ መመላለሳቸው አልቀረም። አባቴ «ይህ ውሻ ይወገድ» ብለው ቆረጡ፤ በእኛ ሰፈር «ይወገድ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻኝም። ለምኜ ቀን ተሰጠኝና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የውሻ ማሠልጠኛ ላክሁት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስሄድ ተቀመጥ ሲባል ይቀመጣል፣ ተኛ ሲባል ይተኛል፣ እንግዳ ሰው ሲያልፍበት ጆሮውን እንኳ አያቀናም። ኮርቼ ይዤው ተመለስሁ። ገና ከመግባታችን የውጭው በር መቀርቀሪያ ሲንኳኳ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ተወረወረ።

ስለ ኢቫን ፓቭሎቭ ያነበብሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሩሲያዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ሲሆን፣ በዓለም አፍ የቀረው ግን በውሾቹ ምራቅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ያልተወራው ሙከራው አልሠራ ያለበት ጊዜ ነው። ረዳቱ ውሻውን በአንድ ክፍል ለብቻው አቁሞ፣ ሜትሮኖም ሲመታ ምግብ እንደሚመጣ ያስተምረዋል። ውሎ አድሮ ድምፁ ብቻውን ምራቁን ያመጣል። ረዳቱ ደስ ብሎት መምህሩን «ይምጡና ይመልከቱ» ብሎ ይጠራል። ፓቭሎቭ ይገባል፤ ሜትሮኖሙ ይመታል፤ ምራቅ ግን ጠብ አይልም። ውሻው ትምህርቱን አልረሳም፤ የገባውን እንግዳ እየተመለከተ ነው። እንግዳውም ራሱ ፓቭሎቭ ነው!

ነገሩ እየተደጋገመ ስላስቸገረው፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ በሴንት ፒተርስበርግ ልዩ ሕንፃ ማሠራት ጀመረ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ዙሪያው ንዝረት እንዲውጥ ጭድ በተሞላ ቦይ ተከቧል፤ ተመራማሪውና ውሻው በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። «የዝምታ ግንብ» ተባለ። ዓለምን ከአንድ ውሻ ጆሮ ለማራቅ ይህን ያህል ግንብ ካስፈለገ፣ በእኛ ግቢ ውስጥ ስንት ነገር ለቡቺ ሲናገር እንደሚውል አሰብሁ።

ቀጥሎ ያነበብሁት ደግሞ ልቤን ነካው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1924 እ.ኤ.አ. የኔቫ ወንዝ ሞልቶ፣ በዚያ ዓመት ሌኒንግራድ የተባለችውን ያችኑ ከተማ አጥለቀለቃት። የፓቭሎቭ ውሾች ቤትም በውኃ ተሞላ። የየማደሪያቸው በር ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ እንስሳቱን ለማውጣት ጭንቅላታቸውን ውኃ ውስጥ መድፈቅ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ የተማሩት ጠፋባቸው። አንደኛው ብዙ ቆይቶ ትምህርቱ ከተመለሰለት በኋላ እንኳ፣ በክፍሉ በር ሥር ጥቂት ውኃ እንዲገባ ሲደረግ የጎርፉ ቀን ፍርሃት ተመለሰበት። ለቡቺ በበር ሥር የሚገባው ውኃ የመቀርቀሪያው ድምፅ ነበር።

የውሻ ሥልጠና ታሪክ ግን ከሰው ቤት አልጀመረም። ጀርመናዊው የፖሊስ ሹም ኮንራድ ሞስት እ.ኤ.አ. በ1910 ዝነኛውን የማሠልጠኛ መጽሐፉን ሲያሳትም በዐይኑ የነበረው የሥራ ውሻ ነው። አሜሪካዊቷ ሔለን ኋይትሃውስ ዎከር በ1933 ኒውዮርክ ግዛት፣ ማውንት ኪስኮ ላይ የመታዘዝ ውድድር ስታዘጋጅ ልታሳይ የፈለገችው ፑድሎቿ እንደሚታሙት ለጌጥ ብቻ የተፈጠሩ አለመሆናቸውን ነው። ሁለቱም ብዙ አስተምረዋል። ነገር ግን በልምምድ ሜዳና በውድድር መስክ ላይ የውጭ በር የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ማርክ ቡተንና ሮበርት ቦልስ ያሳተሙት የአይጦች ሙከራ ነገሩን ይበልጥ ገለጠልኝ። አይጦቹ በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድን ድምፅ መፍራት ይማራሉ፤ በሌላ ሣጥን ውስጥ ያው ድምፅ ያለ ጉዳት እየተደጋገመ ፍርሃቱ ይጠፋል። ወደ ፊተኛው ሣጥን ሲመለሱ ግን ፍርሃቱ እዚያው ይጠብቃቸዋል። ቡቺን የላክሁት ወደ ሁለተኛው ሣጥን ኖሯል።

ኋላ፣ ቤት ድረስ እየመጡ የሚያሠለጥኑ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ዋጋቸው ከማሠልጠኛው ይበልጣል፤ ለገራም ውሻ እንዲህ ያለ ወጪ አስፈላጊ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ቀን ውሻውን አልነኩትም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ግቢያችንን ሲያዩ ዋሉ፤ ማን ሲገባ ማን እንደሚጮህ፣ በር ሲንኳኳ አባቴ ሰንሰለቱን እንዴት እንደሚጎትቱ። ከዚያም፦

«ጌታዬ፣ ያዩት እንደሆነ በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንገቱ ይታነቃል። እንግዳን ቢጠላ ምን ይገርማል?» አሏቸው።

አባቴ መልስ አልሰጡም፤ በማግስቱ ግን ማሰሪያውን ራሳቸው ነቅለው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ሥራውም መቀርቀሪያው ላይ ሆነ። እኔ ከደጅ በጣቴ ቀስ አድርጌ እነካዋለሁ፤ ሽማግሌው ከውስጥ ቁራሽ ሥጋ ይሰጡታል። ከቀናት በኋላ ትንሽ ጠንከር፣ ከሳምንታት በኋላ እንደ ሰው ደንብ። ሁለት ወር ከመንፈቅ ፈጀ። በመጨረሻ ከደጅ የቆሙት አክስቴ ነበሩ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሦስት ጊዜ አንኳኩተው፣ ከነጠላቸው ሥር ዳቦ አውጥተው ወረወሩለት።

ቡቺ ጨርሶ ገራም አልሆነም። ጃንጥላ ሲያይ እስኪሞት ድረስ ያጉረመርም ነበር፤ ልጆች ሲመጡም ወደ ጓሮ እናስገባው ነበር። ግን በዚያው ግቢ አርጅቶ ሞተ። አክስቴ ዛሬም ወደዚያ ቤት ሲመጡ መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ አንኳኩተው፣ በሩ እስኪከፈት እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሥር ይሰዳሉ።