የዋሲጡ ያሕያ፦ ገልባጭም ሠዓሊም

ስለ ቀደምት ሙስሊሞች የመጻሕፍት ሥዕል ሲነሣ በመምህራን መካከል ሁለት ተቃራኒ አባባሎች ይደመጣሉ። አንዱ ወገን «ሙስሊሞች ነፍስ ያለውን ፍጡር በመጽሐፍ ላይ ሥለው አያውቁም» ይላል፤ ሌላው የጥንት ሥዕሎችን ተመልክቶ «ዑለማኦቹ በተስዊር ጉዳይ ቅር ብሏቸው አያውቅም» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም እንደሚስቱ ለማሳየት የአንድ ሰው ሥራ ይበቃናል ብለን እናምናለን፤ እርሱም ያሕያ ኢብን ማሕሙድ አል-ዋሲጢ ነው።

ስለ ያሕያ የሚነግረን ራሱ በመጽሐፉ መዝጊያ ላይ ያኖረው ቃል ነው። ስሙን ከነአባቶቹ ከዘረዘረ በኋላ የአል-ሐሪሪን «መቃማት» በ634 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1237) በረመዷን ወር በገዛ እጁ ገልብጦ፣ በገዛ እጁም ሥሎ እንደፈጸመ ያስታውቃል። መጠሪያው በኩፋና በበስራ መካከል ወደነበረችው የኢራቅ ከተማ ወደ ዋሲጥ ይመራናል። ገልባጩና ሠዓሊው አንድ ሰው መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ጽሑፉ የት እንደሚቆም፣ ሥዕሉ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ የወሰነው ራሱ ነበርና።

በ516 ዓ.ሂ. ያረፈው የበስራው አል-ሐሪሪ በቤት በሚመታ ስድ ንባብ ያዘጋጃቸው 50 መቃማት፣ አቡ ዘይድ የተባለ አንደበተ ርቱዕ አታላይ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰዎችን በንግግር ችሎታው ሲያማልል የሚተርኩ ናቸው። የዐረብኛ ተማሪዎች መጽሐፉን ለቋንቋው ሲሉ አጥንተውታል። ዋሲጢ ግን በ99 ሥዕሎቹ ከቃላቱ ጀርባ ያለውን ኑሮ አሳየን። በበስራው ቤተ መጻሕፍት ሥዕል መጻሕፍቱ እንደ ዛሬው ቆመው ሳይሆን በመደርደሪያው ጉድጓዶች ውስጥ ተጋድመው ተነባብረዋል። በመንደሩ ሥዕል መስጂዱ ከነሚናራው ይታያል፤ በዙሪያው ፍየሎች፣ ዶሮና ፈትል የምትፈትል ሴት አሉ። በረይ መስጂድ ደግሞ አቡ ዘይድ ሲገሥጽ ሴቶች ከላይኛው ሰገነት ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ይህን ገጽ ኢማሞቻችን ጊዜ ወስደው ቢመለከቱት እንወዳለን።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየን የዘቢድ የባሪያ ገበያ ነው። ከላይ ነጋዴ ገንዘብ በሚዛን ይመዝናል፤ ከታች ጥቁር ሰዎች ለሽያጭ ተቀምጠዋል። ዘቢድ ከኛ ባሕር ማዶ ያለች የየመን ከተማ ናት፤ ከዋሲጢ አስቀድሞ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዟት ናጃሒዶች ራሳቸው ከሐበሻ ባሮች የተነሡ ነበሩ። በታሪኩ አቡ ዘይድ የገዛ ልጁን ይሸጣል፤ ነገሩ ቃዲ ዘንድ ሲደርስ ልጁ ነጻ ሰው ነውና ሽያጩ ይፈርሳል። ልጁ በፍርድ ነጻ ወጣ፤ በሥዕሉ ላይ ከታች ለተቀመጡት ግን የሚከራከርላቸው የለም።

ይህ ሁሉ የተሣለው ሰሒሕ ሐዲሶች ሠዓሊዎችን አጥብቀው እንደሚያስጠነቅቁ በሚታወቅበት አገር ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ከሥዕል ሌላ መተዳደሪያ የለኝም ላለው ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሥል መምከሩን ቡኻሪ አስተላልፏል። ስለዚህ የሥዕሎቹ መኖር የፍቃድ ማስረጃ አይሆንም፤ የከተማ ባለጸጎች ምን ያስሥሉ እንደነበር ብቻ ይነግረናል።

ማስጠንቀቂያው እንዳልተረሳ የሚመሰክር ሌላ ቅጂ በሴንት ፒተርስበርግ አለ። እርሱም በዚያው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ «መቃማት» ሲሆን፣ አንድ ኋለኛ እጅ በሰዎቹ አንገት ላይ ጥቁር መስመር አስምሮበታል። መነሻው ግልጽ ይመስለናል፤ ፉቀሃኦች ራሱ የተቆረጠ ምስል ሕይወት እንዳለው እንደማይቆጠር ተናግረዋልና። የሚገርመው ግን የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ይህንኑ መላ መርምረው አለመቀበላቸው ነው፤ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለው ወፍም ሕይወት አለው ብለው፣ ራሱ በቦታው እስካለ ድረስ ክር ማስመሰል አይበቃም አሉ። መስመሩን ያሰመረው ሰው ይህን ክርክር ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ገጾቹን አልቀደደም፤ ሥዕሎቹንም ፍቆ አላጠፋም።