የአርሶ አደሩ ጡረታ፦ ከጧሪ ልጅ እስከ ኅብረት ሥራ ዕጣ

እንደሚታወቀው በሀገራችን ጡረታ ሲባል ቶሎ በሐሳብ የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ዕድሜው ሲደርስ ከሥራ ይሰናበታል፣ በየወሩ አበሉን ይቀበላል። አርሶ አደሩ ግን የሚያሰናብተው መሥሪያ ቤት የለውም። ከሥራ የሚያሰናብተው ጉልበቱ ነው። ሞፈር መጨበጥ ሲያቅተው በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ከእርሻው ሥራ ጋር አብሮ የኖረ ሲሆን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክም ከዚህ ጥያቄ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

የቀድሞው ዘመን ዋስትና

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመጦር ነው። ሰው ልጅ ሲወልድ ጧሪ ቀባሪ ይሁንልህ ተብሎ ይመረቃል። በርስት አገር ሽማግሌው አባት ለልጆቹ ድርሻቸውን ቆርሶ ይሰጥና ለራሱ የተወሰነ መሬት ያስቀራል፣ አብሮት የሚቀረው ልጅም ያርስለታል። በሌላ ሰው መሬት ላይ በእኩል ወይም በሲሶ የሚያርሰው ጭሰኛ ግን ይህ እንኳ አልነበረውም። ማረስ ሲያቅተው መሬቱን የሚያስቀርለት ሕግ ስላልነበረ እርጅናው በባለመሬቱ ፈቃድና በልጆቹ ጉልበት ላይ የወደቀ ነበር።

ከልጅ ቀጥሎ የአርሶ አደሩ ቁጠባ በበረቱና በጓሮው ይገኝ ነበር። በጥሩ ዓመት የተረፈው እህል ጥጃ ይገዛል፣ ጥጃው አድጎ በክፉ ቀን ይሸጣል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገር የገባው ባሕር ዛፍም ከጊዜ በኋላ በደጋው አርሶ አደር ዘንድ የቁጠባ ሣጥን ሆኗል። አንድ ጊዜ ተተክሎ በጥቂት ዓመታት ለሽያጭ ይደርሳል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እየታረሰ የሚያድር ሰብል ስላልሆነም ጉልበቱ ለደከመ ሰው ይመቻል። እቁብና እድርም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም እድር ለሐዘን ይደርሳል እንጂ ለዓመታት አይጦርም። እቁብም ዙሩ ሲያልቅ ገንዘቡ ለባለቤቱ ተመልሶ ያበቃል እንጂ በራሱ አይራባም።

ሕግ የወጣለት ጡረታ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ተደነገገ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ እያዋጡ የሚጠራቀም ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞችን በስፋት የሚያካትት ሕግ የወጣው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። የሁለቱም ሕጎች መሠረት ደመወዝ ነው። በየወሩ የሚቆረጥ ደመወዝና አብሮ የሚያዋጣ አሠሪ የሌለው አርሶ አደር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። አዋጁ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ቢከለክልም ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ሴቶች ግን ፈቅዷል። ያረጀ ሰው መሬቱን ሳይለቅ በሌላ ሰው ጉልበት ሊጠቀም እንደሚችል በሕግ መታወቁ ቀላል ነገር አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ መሬትን ማከራየትና ለቤተሰብ ማውረስ የሚቻልበትን መንገድ አስቀመጠ። በመሆኑም መሬት ለአረጋዊው የኪራይ ወይም የእኩል ገቢ ያስገኛል እንጂ ተሽጦ ለእርጅና የሚቀመጥ ጥሪት አይሆንም። ይህም ቢሆን መሬቱ ለልጆች ከተከፋፈለ በኋላ የሚተርፈው እያነሰ መጥቷል። ለሚጦረኝ ተብሎ አስቀድሞ የተሰጠ መሬትም አንዳንዴ ለክርክር ምክንያት ይሆናል።

ጠዋሪ ለሌለው አረጋዊ መንግሥት የደረሰው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በፕሮግራሙ ወረዳዎች ሠርቶ የሚያበላ ሰው የሌላቸው አረጋውያን በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሳይሰማሩ ቀጥተኛ ድጋፍ አግኝተዋል። ይህ ግን ለችግረኛ የሚሰጥ እርዳታ እንጂ ሰው ሠርቶ ያጠራቀመው ጡረታ አይደለም።

የኅብረት ሥራው መንገድ

ለገበሬ ኅብረት ሥራ የመጀመሪያው ሕግ በ1953 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የአገልግሎትና የአምራች ማኅበራት ተስፋፉ። የአምራቾቹ ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚሉ ደረጃዎች እንዲያድጉ ታስቦ መሬትና በሬ የጋራ ሆነ። በሬውን ለማኅበር ያስገባ ሰው የክፉ ቀን ጥሪቱንም አብሮ አስገብቶ ነበር። በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት ፈረሱ። በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ጊዜም የብዙ አገልግሎት ማኅበራት መጋዘንና ንብረት ተዘረፈ። በዚያ ትውልድ ዘንድ ማኅበር የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ጥርጣሬን ያስነሳ የነበረው ስለዚህ ነው። ሰው በፈቃዱ ያልገባበትና በስሙ ያልተመዘገበለት ሀብት ለእርጅና ዋስትና አይሆንም።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ይህን መሠረት ለወጠው። አባልነት በፈቃደኝነት ሆነ፣ እያንዳንዱ አባል በስሙ ዕጣ ገዛ፣ ዕጣው ቢበዛም ባያንስም ድምፁ አንድ ሆነ። ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ተቀንሶ ቀሪው 70 በመቶ ለአባላት የሚከፋፈልበት ሥርዓትም ተዘረጋ። አባል ሲሞት በዕጣው ያለው ጥቅም ለወራሹ ይተላለፋል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991፣ የሲዳማ በ1993፣ የይርጋጨፌ በ1994 ዓ.ም. ተቋቁመው ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገበያ አቀረቡ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም የገበሬዎችን ማኅበራት የባንክ ባለድርሻ አደረገ። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል።

ዕጣ ብቻውን ይጦራል?

በ1990ዎቹ በጉልምስና ዕድሜያቸው ዕጣ የገዙ አባላት ዛሬ አርጅተዋል። ስለዚህ ዕጣው ይጦራል ወይ የሚለው ጥያቄ የነገ ሳይሆን የዛሬ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊስተዋሉ ይገባል።

አንደኛው የትርፍ ክፍፍሉ ነው። ትርፍ የሚከፋፈለው በዕጣ መጠን ወይም በግብይት ተሳትፎ፣ አለዚያም በሁለቱም ነው። ምርቱን ለማኅበሩ የሚያቀርብ ጎልማሳ በተሳትፎው ያገኛል። ማረስ ያቆመው አባል ግን የሚያገኘው በዕጣው ብቻ ነው። ስለሆነም ብዙው ትርፍ በተሳትፎ በሚከፋፈልበት ማኅበር፣ ጉልበት ሳለ ተጨማሪ ዕጣ ያልገዛ አባል ሲያረጅ እጁ ላይ የሚገባው እጅግ ጥቂት ይሆናል።

ሁለተኛው የብር ዋጋ ነው። ዕጣ በተገዛበት ዋጋ ተመዝግቦ ይቆያል፤ የያኔው 100 ብር በመዝገብ ላይ ያው 100 ብር ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ25 በመቶ በላይ ሲሆን ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ሲያገኝ፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከ1,250 ብር በላይ ወጥቷል። የተረፈውን ሁሉ በብር ያስቀመጠ ሰው ተጎዳ፤ በጥሬ ገንዘብ ምንም የሌለው ደግሞ ለሕክምና ሲቸገር በሬውን በርካሽ ይሸጣል። ስለዚህ ለአርሶ አደር የሚበጀው ጥሪትን በአንድ ቦታ አለማድረግ ነው። ለድንገተኛ ወጪ በገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ጥቂት ብር፣ ለዓመታዊ ገቢ የማኅበር ዕጣ፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ ቋሚ ተክልና ከብት ሊኖረው ይገባል።

ሠራተኛው የሚጦረው በየወሩ ሳያቋርጥ ስለተቆረጠበት ነው። አርሶ አደሩ ወር የለውም፣ መኸር አለው። ምርት ለማኅበሩ ሲያስረክብ ከአሥር ኩንታል የአንዱን ዋጋ በፈቃዱ ለዕጣና ለቁጠባ እንዲያስቀርለት ቢያደርግ፣ ማኅበሩ ደመወዝ ከፋዩ መሥሪያ ቤት የሚሠራውን ሥራ ይሠራለታል ማለት ነው። የዕጣውና የቁጠባው ደብተር በባልና በሚስት ስም ቢሆን ደግሞ ባሏ የሞተባት እናት ደጅ አትጠናም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ሒሳብ በወቅቱ ሲመረመር፣ ትርፍ በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ ቁጥጥር ኮሚቴውም ሥራውን ሳይፈራ ሲሠራ ነው። ኦዲት የዘገየበት ማኅበር አባል ዕጣው ምን እንዳተረፈ ሳያውቅ ያረጃል። ስለዚህ ሥራ አመራር ኮሚቴዎችና የወረዳ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች ኦዲትን እንደ ወረቀት ሥራ ሳይሆን የአረጋዊ አባላትን እንጀራ እንደመጠበቅ ሊያዩት ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ እርጅናም ለብቻ ሲሸከሙት ይከብዳል፤ ጉልበት ሳለ በጋራ ከተዘጋጁለት ግን ይቀላል።