ከተመረቅን በኋላስ? ለሐራ፣ ለመርሳና ለወልድያ መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች የተከታታይ ሥልጠና ማብራሪያ

ዛሬ የምናብራራው ስለ ተከታታይ ሥልጠና ነው። አንድ መሐንዲስ ወይም ቴክኒሻን ከተመረቀ፣ ወይም ሥራ ላይ ከገባ በኋላ የሚወስዳቸው ኮርሶች ማለት ነው። ምን ምን ዓይነት እንዳሉ፣ የትኛው ለማን እንደሚሆንና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ በቅደም ተከተል እናያለን። ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

ለምን አሁን? ለምን ሐራ?

ሐራ ገበያ በአገሪቱ የባቡር ካርታ ላይ መገናኛ ናት። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መስመር የሚያበቃው እዚህ ነው። ከመቀሌ እንዲመጣ የታቀደውም መስመር የሚገጥመው እዚሁ ነው። የአዋሹን መስመር ውል የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2004 ዓ.ም ፈረመ፤ ግንባታው በ2007 ዓ.ም ተጀመረ። ከዚያ የገንዘብ ችግር መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፣ ሥራውም ተጓተተ።

በአካባቢያችን "ባቡሩ ሲጀምር ሥራ ይኖራል" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ግን ሐዲድ ብቻውን ሰው አይቀጥርም። መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ስለዚህ የሚፈልገው ሲግናል የሚጠግን፣ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋውን ከፍተኛ ኃይል ሽቦ የሚከታተል፣ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ የሚፈትሽ ሰው ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡር እንይ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም ነው። መጀመሪያ ላይ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ቻይናውያን ነበሩ። የቻይና ኩባንያዎቹ ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ያስረከቡት በግንቦት 2016 ነው። በመካከሉ ስድስት ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ ከቻይናውያኑ ጎን እየሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። ርክክቡን የቻሉት በዩኒቨርሲቲ በተማሩት ብቻ ሳይሆን ሥራ ላይ እያሉ በጨመሩት ዕውቀት ጭምር ነው።

ዕውቀት ያረጃል እንዴ?

አዎ ያረጃል። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

1. ሕንጻ። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀ ሲቪል መሐንዲስ የተማረው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተ አዲስ ኮድ መጣ። ትልቁ ልዩነት የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ላይ ነው። የድሮው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን መንቀጥቀጥ ይዞ ያሰላ ነበር፤ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን፣ ማለትም ጠንከር ያለውን ይይዛል። ይሄ ለእኛ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በ1953 ዓ.ም የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷታል። ማጀቴም እኛም ያለነው በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። መሐንዲሱ ኮዱን ካላደሰ የሚሠራው ፎቅ ውስጥ የሚያድረው የእኛ ቤተሰብ ነው።

2. መኪና። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ወደ ጋራዥ የሚመጣው መኪና ቀስ በቀስ የኤሌክትሪክ እየሆነ ነው ማለት ነው። በ12 ቮልት ባትሪ የለመደ መካኒክ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚይዝ ባትሪ ሳይሠለጥን ቢከፍት የሚያጣው ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።

3. ውኃ። በቆቦ–ጊራና ሸለቆ መስኖ የሚሠራው ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ በሚስብ ፓምፕ ጭምር ነው። ፓምፕ ሲቆም ማሳው ይደርቃል። ሞተር መጠቅለል የሚችል ሰው ላይ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳና የሶላር ዕውቀት ቢጨመርበት ለሐብሩ ገበሬ ትልቅ ነገር ነው።

ምን ዓይነት ሥልጠናዎች አሉ?

የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ)። ይሄ ኮርስ ሳይሆን ፈተና ነው፤ ግን የብዙዎቹ መንገድ መጀመሪያ ስለሆነ አስቀደምነው። የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ ኮሌጅ ያልገባ፣ በልምድ የሠለጠነ ሰውም መመዘን ይችላል። ሐራ ገበያ ላይ ዓመታት ብየዳ የሠራ ልጅ እጁ ያውቃል፤ የጎደለው ወረቀት ነው። ደረጃውን ሲይዝ በጨረታም በቅጥርም የሚያሳየው ነገር ያገኛል፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃም ማደግ ይችላል።

የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ፣ የክረምትና የርቀት ትምህርት። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን "ተከታታይ ትምህርት" ወይም በተለምዶ "ኤክስቴንሽን" ይሉታል። ሥራ ሳይለቁ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ለማደግ የሚሆነው ይሄ ነው። ለእኛ ቅርቡ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በጦርነቱ ብዙ ንብረት ወድሞበት እንደገና የተነሣ ተቋም ነው። በየዓመቱ የትኛው ትምህርት ክፍል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚቀበል ሬጅስትራር ሄዶ ወይም ደውሎ መጠየቅ ነው።

አጫጭር ኮርሶች። አውቶካድ፣ ኢታብስ፣ ሲቪል ስሪዲ፣ ጂአይኤስ፣ የሶላር ተከላ፣ የፋብሪካ ማሽን የሚያዘውን ፒኤልሲን የመሳሰሉት። ለአንድ የተወሰነ ሥራ ከፈለጋችሁት በጣም ይጠቅማሉ። "ሲቪዬ እንዲሞላ" ብላችሁ ከወሰዳችሁት ግን ሳትሠሩበት ይጠፋል።

የባቡር ትምህርት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ "አምስት ኪሎ" የምንለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ በባቡር ምሕንድስና ማስተርስ ያሠለጥናል። ለሲቪል ምሩቅ የሐዲድና የድልድይ፣ ለሜካኒካል ምሩቅ የባቡሩ አካል፣ ለኤሌክትሪካል ምሩቅ የኃይልና የቁጥጥር ዘርፍ አለው። ስለዚህ "ባቡር ያላጠና አይገባም" አትበሉ፤ መነሻው የያዛችሁት ዲግሪ ነው።

ስልክ ላይ የሚወሰዱ። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው "5 ሚሊዮን ኮደርስ" ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በነጻ ያስተምራል፤ ለጨረሰም ሰርተፍኬት ይሰጣል። እስከ እ.ኤ.አ. 2026 የታቀደ ስለሆነ ምዝገባው ክፍት መሆኑን አይታችሁ ግቡ። ለምሕንድስና ደግሞ የሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሚለቁት ኤንፒቴል ዩቲዩብ ላይ አለ፤ ከስትራክቸር እስከ ኤሌክትሪክ ማሽን ሙሉ ኮርስ ታገኛላችሁ። የአሜሪካው ኤምአይቲም ትምህርቶቹን በነጻ ከለቀቀ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ኔት በሚጠፋበት አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ምክራችን፦ ኔትወርክ ያገኛችሁ ቀን ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት ዳውንሎድ አድርጉ፣ የንባብ ፋይሉን አስቀምጡ፣ ከዚያ ያለ ዳታ ተማሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት አራት ጥያቄ

1. ዕውቅና አለው? ለዲግሪ ከሆነ ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ልብ በሉ፦ ዕውቅና የሚሰጠው በካምፓስ፣ በትምህርት መስክና በአሰጣጥ ዓይነት ነው። አንድ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ ስለተፈቀደለት ወልድያ ላይ በርቀት ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። የፈቃዱን ወረቀት አሳዩን በሉ፤ መብታችሁ ነው።

2. ሰርተፍኬቱ የተሳትፎ ነው ወይስ የብቃት? "ተሳትፏል" የሚለውና "ተፈትኖ አልፏል" የሚለው ወረቀት ቀጣሪ ዘንድ እኩል አይደሉም።

3. በእጄ እሠራለሁ? ብየዳ፣ ፓምፕ፣ ሞተር በስላይድ ብቻ አይማሩትም። ማሽኑ የት እንዳለና ስንት ሰው በአንድ ማሽን እንደሚሠራ ጠይቁ።

4. ከጨረስኩ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ የት እጠቀምበታለሁ? መልስ ከሌለው ኮርሱን አቆዩት፤ መጀመሪያ ሥራውን ፈልጉ።

ከየት እንጀምር?

በልምድ የምትሠሩ ከሆነ ከምዘናው ጀምሩ። ዲፕሎማ ካላችሁና ሥራ ላይ ከሆናችሁ የማታውን ወይም የቅዳሜና እሑዱን አጣሩ። ዲግሪ ይዛችሁ ሥራ ያጣችሁ ደግሞ ሌላ ዲግሪ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ የተግባር ክህሎት ጨምሩ፤ ከስልክ የሚጀመረው ወጪው ዳታ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ መሐንዲሶች ቢያንስ አዲሱን የሕንጻ ኮድ ከድሮው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት።

ባቡሩ ሐራ መቼ እንደሚደርስ የምንወስነው እኛ አይደለንም። የደረሰ ቀን ግን ጠግኑልኝ፣ ንዱልኝ፣ ተቆጣጠሩልኝ ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን ከሌላ አገር ባለሙያ እንዳይመጣ ከፈለግን ሥልጠናው ከአሁኑ ይጀመር።

ይህን ጽሑፍ ኮርስ ሊመዘገብ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። በአካባቢያችሁ የሚሰጥ ጥሩ ሥልጠና የምታውቁ ደግሞ ጻፉልን፤ አጣርተን ለሌሎች እናደርሳለን።