ዊንድዘር፡ አበባ የለበሰው ምሽግና የመቅደላው ልዑል

ጥንታዊ ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ድንጋዩ የሚናገረውን ታሪክ አስጎብኚው ከሚናገረው ለይቶ ማየት ይኖርበታል። ከለንደን በስተምዕራብ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ የቆመው የዊንድዘር ቤተ መንግሥት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከምሳሌም በላይ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ አጽም በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዊንድዘር ግንባታ የተጀመረው በ1070 ገደማ ነው። እንግሊዝን በ1066 የወረረው የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያም የለንደንን ዙሪያ ለመቆጣጠር ካሠራቸው ምሽጎች አንዱ ነበር። በተቆለለ አፈር ላይ የቆመውን የእንጨት ምሽግ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዳግማዊ ሄንሪ በድንጋይ ተካው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሣልሳዊ ኤድዋርድ ወደ ታላቅ ቤተ መንግሥትነት ለወጠው፤ የጋርተር የክብር ማኅበርንም አቋቋመበት። የማኅበሩ መንፈሳዊ ማዕከል የሆነው፣ ዛሬ የሚታየው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት በ1475 ተጀምሮ በ1528 ተፈጸመ።

ክቡን ግንብ የከበበው ጥልቅ ጉድጓድ የተቆፈረው ጠላትን ለመከላከል ነበር። ኮረብታው ውኃ የማይቋጥር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ጉድጓዱ ውኃ አልያዘም፤ ዛሬ ሣርና አበባ ለብሶ የአትክልት ስፍራ ሆኗል። በምሥራቅ በኩል ያለው ሰፊ የአትክልት ስፍራ ደግሞ በ1820ዎቹ ለአራተኛው ጆርጅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ጎብኚው በሣሩ መካከል ሲመላለስ የጦርነት መሣሪያ የነበረ ሥፍራ እየጎበኘ መሆኑን በቀላሉ ይዘነጋል።

የዓለማየሁም ታሪክ በዚህ ውበት ሥር የመሸፈን ዕጣ ገጥሞታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ። ልዑሉ እንግሊዝ ገብቶ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ በራግቢ ትምህርት ቤትና በሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ተማረ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ ዊንድዘር ተቀበረ፤ በቤተ ጸሎቱም ውስጥ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ተደረገለት።

ሰሌዳው ስለ እንግዳ ተቀባዩ ይናገራል፤ እንግዳው ለምን ወላጅ አልባ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ስድስቱ የገቡት ወደዚሁ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከጦሩ ጋር የዘመተው ሪቻርድ ሆልምዝም በ1870 የዚሁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ልጁና መጻሕፍቱ በአንድ ዘመቻ ተወስደው በአንድ ግቢ ተገናኙ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 አጽሙ እንዲመለስ ጠይቋል። በ2023 ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው ምላሽ በአካባቢው ያሉትን የብዙ ሌሎች ሙታን ዕረፍት ሳያውኩ አጽሙን ማውጣት የማይቻል ይመስላል የሚል ነበር። ችግሩ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ዓለማየሁ የተቀበረው ከሌሎች ጋር በምድር ውስጥ መቃብር ነው። ይሁን እንጂ በዊንድዘር ሙታን ሲንቀሳቀሱ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። የስድስተኛው ሄንሪ አስከሬን በ1484 ከቸርትሲ ገዳም ወደዚህ ተዛውሯል። የልዑል ፊሊፕ የሬሳ ሣጥንም በ2022፣ ባለቤታቸው ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲቀበሩ፣ ከነበረበት ወጥቶ ከጎናቸው እንዲያርፍ ተደርጓል። ቤተሰብን በሞት ማገናኘት ተገቢ መሆኑን ቤተ መንግሥቱ ራሱ ያውቃል። የቀረው ጥያቄ የሙያ ከሆነ፣ የሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች በጋራ አጥንተው ውጤቱን ለሕዝብ ይግለጹ።

እኛም ብንሆን የራሳችንን ታሪክ በአበባ መሸፈን አይገባንም። የእቴጌ ጥሩወርቅ አባት ደጃዝማች ውቤ በ1855 በቴዎድሮስ ተሸንፈው የታሰሩ ሰው ነበሩ። የናፒየር ጦርም በትግራይ ያለፈው ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተስማምቶ ነው፤ ካሣም የጦር መሣሪያ አግኝተውበታል። ልጁን ብቻውን ያስቀረው የእንግሊዝ መድፍና የእኛ መከፋፈል በአንድነት ነው። ይህን ማመን ጥያቄያችንን አያዳክምም፤ የሕፃኑ መብት በወላጆቹና በመኳንንቱ ጠብ አይቀነስምና። ታሪኩን ሳይሸሽግ የሚጠይቅ አገር ሰሌዳው የዘለለውን እንዲጨምሩ ሌሎችንም ለማስገደድ የሞራል ብቃት ይኖረዋል። አጽሙ እስኪመለስ ድረስ ዊንድዘርን የምትጎበኙ ወገኖች ከአትክልቱ ወደ ቤተ ጸሎቱ ስታልፉ በዚያ ሰሌዳ ፊት ቆም በሉ፤ ለልጆቻችሁም ያልተጻፈውን ንገሯቸው።